ከክሪስታሉ ጀርባ የቀረው የመንዝ ፈትል

ታናሽ ወንድሜ ተፈራ ነገር ሲጠይቅ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። ባለፈው ክረምት ከዘመሮ መሐል ሜዳ ድረስ ሊያየኝ መጥቶ፣ ደጃፍ ላይ የጫማውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ፣ «እትዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ፈረንጅ አገር ምን ስትሠሪ ኖርሽ? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ እኮ» አለኝ።

ጡረታ ወጥቼ አገሬ ከገባሁ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ «ማሽን ስጠብቅ» ብዬ ነበር የማልፈው። ለተፈራ ግን እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ ነገር እናበጅ ነበር» አልኩት። «ኤሌክትሮን የሚባል፣ በዚህ በርጩማም በአንተም ውስጥ ያለ ደቃቅ ነገር አለ። ፖዚትሮን የሚባል ተቃራኒ ደግሞ አለው። ሁለቱ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ከመጠፋፋታቸው በፊት ግን ለቅጽበት ተያይዘው ይዞራሉ። ያ ጥንድ ነው ፖዚትሮኒየም የሚባለው። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ተወልዶ አልቋል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከመሞቱ በፊት ወደ ክሪስታል፣ ገጹ ለስላሳ ወደሆነ ጨው መሰል ድንጋይ፣ እንወረውረዋለን። ነጥሮ ሲመለስ የክሪስታሉ ገጽ ምን እንደሚመስል ይነግረናል።»

ተፈራ እንጨቱን ወረወረ። «እንግዲያውስ ዕድሜሽን በሙሉ ድንጋይ ስትወግሪ ነዋ የኖርሽው» አለ።

ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ ከፕሮፌሰሮቹም አልሰማሁም። ስቄ ዝም ብል ደኅና ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሳልከፍተው ሣጥን ውስጥ የከተትኩትን ደብተር አወጣሁ። ደብተሩ ምን እንደሆነና ለምን እንደፈራሁት ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚሁ መሐል ሜዳ ጨርሼ አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ሆንኩ። አለቃዬ አቶ ጌታሁን የተበላሸ ፓምፕ መጣልን እንደ ነፍስ ማጥፋት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ሥር ስምንት ዓመት የአየር መምጠጫ ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ኖርኩ። እጄ የታረመው እዚያ ነው። ማመልከቻውንና የቪዛውን ጣጣ ልዝለለውና፣ በዚያው ሙያ አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ቀጠረኝ። ብርዱ አልገረመኝም፤ የመንዙ ደጋ፣ ጓሳ ላይ ያደረ ሰው በብርድ አይገረምም።

ዋናው ቴክኒሻን ቶማስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የትልቅ ሰው ስም እንዲሁ ደረቁን መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሽ ቶማስ» አልኳቸው። ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ አላቸው። በዓመቱ ፕሮፌሰሩም ሳይቀር ጋሽ ይላቸው ጀመር።

ማሽኑ እንዲህ ነበር። አንዲት ቅንጣት ራዲዮአክቲቭ ሶዲየም ሳታቋርጥ ፖዚትሮን ትተፋለች። ፖዚትሮኖቹ በማግኔት እየተመሩ ጋዝ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያልፉ፣ ጥቂቱ ከጋዙ ኤሌክትሮን ነጥቆ ፖዚትሮኒየም ሆኖ ይወጣል። ያ ጅረት ሄዶ ክሪስታሉን ይመታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አየሩ እስከ መጨረሻው በተመጠጠ የብረት ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃውን እኔ ጋን እለው ነበር።

ክሪስታሉ የጨው ዘር ነው፤ እንደ አሞሌ ይሰነጠቃል። ጋሽ ቶማስ ስለቱን አሳርፈው አንድ ጊዜ ብቻ መታ ያደርጉታል፤ ገጹ እንደ ረጋ ውሃ ሆኖ ይከፈታል። «ሁለተኛ ከመታሽው ጣይው» ይሉ ነበር። ብሎን ሲያጠብቁ አንዱን ከወዲህ፣ ቀጥሎ ትይዩውን ከወዲያ፣ በየተራ በትንሽ በትንሹ ነው። ጋኑ ከመዘጋቱ በፊት መሣሪያውን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድሩና ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ወጥቶ ከሆነ ዘጠኝ ካልተመለሰ ማንም ከክፍሉ አይወጣም።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ነፍስ የነበረው ነገር ወደ ጋኑ አይገባም። ሱፍ፣ ጥጥ፣ ቆዳ፣ እንጨት፣ ጸጉር፣ የጣት ወዝ፣ አንዳቸውም። ነፍስ የነበረው ነገር ሁሉ በባዶ ውስጥ ሲሞቅ ወዙን ይተፋል፤ ወዙም ሄዶ ክሪስታሉ ላይ ያርፋል። ዓይን የማያየው ስስ ወዝ ሥራውን በሙሉ ገደል ይከታል።

ሌላው ልማዳቸው ደብተሩ ነበር። ጥቁር ልባስ ያለው፣ ከመሣሪያ መደርደሪያው ሥር የሚቀመጥ። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በራሱ እጅ ይጽፍበታል፣ ይፈርማል፣ ይዘጋል። የሌላውን ገጽ መግለጥ ክልክል ነው። አዲስ ገጽ ከፍተሽ የራስሽን ጽፈሽ መመለስ ብቻ። መጀመሪያ ስሰማ «ይኼማ ንስሐ ነው» አልኩ። «ንስሐ የሚሰማ ቄስ አለው፤ ይህ ግን የሚሰማው የለም» አሉኝ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

ጋን ከተዘጋ በኋላ ዙሪያውን በማሞቂያ ተጠቅልሎ ቀናት ሙሉ ይጋገራል፣ ፓምፑም አየሩን ይመጥጣል። የሚሠራ ሥራ የለም፤ መጠበቅ ብቻ። በዚያ ጊዜ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እፈትል ነበር። እናቴ የነደፈችውን የበግ ጸጉር በሰው እጅ ትልክልኛለች፣ እኔ እንዝርቴን አሾራለሁ። የእኛ አገር ሰው ጸጉሩን ሳያጥብ ነው የሚፈትለው፣ ወዙ ካለ ክሩ አይበጠስምና። ፈረንጆቹ ቆመው ያዩኛል። ጋሽ ቶማስም ያያሉ። «እጅሽን ታጠቢ» ብቻ ይሉኛል። እታጠባለሁም።

ሊና የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ። ሥራዋ አንድ አዲስ ዓይነት ክሪስታል ላይ ፖዚትሮኒየም እንዴት እንደሚነጥር መለካት ነበር። የትምህርት ድጋፍ ገንዘቧ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ማሽኑን ደግሞ በዚያው ጊዜ ሌላ ቡድን ይረከበዋል። በዚያ ላይ ክሪስታሉ በሚገጠምበት ሳምንት ጋሽ ቶማስ ታመው ቀሩ። እኔና ሊና ብቻ ነን።

«አስካለ፣ ዛሬ ካልዘጋን አበቃልኝ» አለችኝ።

«እንዘጋለን፤ አይዞሽ» አልኳት።

የክሪስታሉ መያዣ ከነሽቦው ይወዛወዛል። በአንድ እጄ መያዣውን፣ በሌላው ብሎኑን ይዣለሁ፤ መፍቻውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለኝም። ሊና ጓንት አልለበሰችም፣ ልትነካው አትችልም። መያዣውን ለጊዜው የሚያስረው ቆንጣጭ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ያኔ ሳላስበው ብሎኑን የያዘው እጄ የፈተልኩት ልቃቂት ወዳለበት የካፖርቴ ኪስ ገባ። አገር ቤት ነገር ሲላላ የምናደርገውን አደረግሁ። ከልቃቂቱ አንድ ክንድ ያህል ፈትል በጥሼ መያዣውን ከተሸከመው የብረት ክንድ ጋር አሰርኩት፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ክሩን ቆርጬ መዝዤ አወጣሁት። በሙሉ የወጣ መሰለኝ።

ከዚያ መሣሪያዎቹን በነጩ ጨርቅ ላይ ደርድሬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ክሩ መሣሪያ ስላልሆነ በቁጥሩ ውስጥ አልነበረም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴንም ገና አላወቅሁም ነበር።

ልኬቱ ተጀመረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሊና ፊቷ በርቶ መጣች። ክሪስታሉ ከሞቀ በኋላ ፖዚትሮኒየሙ ጭራሽ አይነጥርም፤ ገጹ ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የታየ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን እየያዘ ከክፍል ክፍል ይመላለስ ጀመር። ጽሑፉ ለመጽሔት ተላከ። የሊና መመረቂያ ሥራ ተጠናቀቀ፣ በፈታኞች ፊት ሥራዋን የምትከላከልበት፣ የመከላከያው ቀን ተቆረጠ። እናቷ ከሩቅ ከተማ ለመምጣት የባቡር ትኬት ቆርጣለች ተባለ። እኔም አብሬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክሪስታሉን የገጠምኩት እኔ ነኝና።

መከላከያው ስምንት ቀን ሲቀረው ማሽኑን ለሌላው ቡድን ለማስረከብ ጋኑን ከፈትኩ። ክሪስታሉን ሳወጣ ከመያዣው ጀርባ፣ ብሎኑና ሳህኑ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የጥፍር ያህል የምትሆን ጥቁር ነገር አየሁ። በመቆንጠጫ ሳብኳት። ተሰባበረች። ከመሐሏ ግን አንዲት ቡናማ ክር ቀርታ ነበር። የጠመዘዝኳት እኔ ነኝና ጠመዛዋን አላጣሁትም።

ሊና ክሪስታሉን ለማጽዳት ከጋኑ መጋገሪያ አብልጣ ባሞቀችው ቁጥር ክሩ ወዙን እየተፋ ያቆሽሸው ነበር። ገጹ ምንም አልዋጠም። ሊና ስትለካ የከረመችው የመንዝ በግ ላብ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ያቺን ስባሪ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ስድስት ቀን ዝም አልኩ።

 ብናገር የሊና ዲግሪ ይወድቃል፣ ጽሑፉ ይሰረዛል፣ እኔም ኮንትራቴ በሚታደስበት ወር ላይ ነኝ። ባልናገር ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ክሩ የእኔ፣ ኪሱም የእኔ። ሊና በየቀኑ ታቅፈኛለች። «ያለ አንቺ አይሆንም ነበር» ትለኛለች። ይህን ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ምግብ እምቢ አለኝ። በኮሪደሩ እግሯን ስሰማ መጸዳጃ ቤት እገባ ነበር፤ እኔ ትልቋ ሰው፣ ልጅ እንደሚሸሽ።

አባቴ በቄሮው ዘመን፣ የጓሳ ሣር በአገሬው ደንብ ተዘግቶ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ሣሩ ከተዘጋ እስኪከፈት ድረስ ማጭድ ይዞ መግባት የለም። «ያጨደውን ብቻ አይደለም የምንይዘው፤ አይቶ ዝም ያለውም እንዳጨደ ነው» ይሉ ነበር። በእነዚያ ቀናት ይህ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

በስድስተኛው ቀን ጋሽ ቶማስ ከረጅም ሕመማቸው ተሽሏቸው ተመለሱ። መሣሪያውን ቆጠሩ፣ ጋኑን ዞረው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ፓምፑ እየሠራ ነው፤ ለምን አትፈትይም?» አሉኝ።

 ጥቅሉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ፈተው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። 

«ጋሽ ቶማስ፣ እኔ ነኝ…»

«ለእኔ አትንገሪኝ» አሉ። ጎንበስ ብለው ደብተሩን ከመደርደሪያው ሥር አወጡና ወደ እኔ ገፉት። «መጀመሪያ ጻፊ። ከዚያ ሂጂና ለሊና ንገሪያት። እኔ አብሬሽ አልሄድም።»

ጻፍኩ። በጉልበቴ ላይ ስለጻፍኩ ፊደሉ ተንጋደደ። «የክሪስታሉን መያዣ በሱፍ ክር አሰርኩ። ክሩ ከጀርባ ቀረ። ባወቅሁ በስድስተኛው ቀን ተናገርኩ። አስካለ።»

ሊና ቢሮዋ ውስጥ ለመከላከያው የምትለብሰውን ሸሚዝ ወንበር ላይ ሰቅላ ንግግሯን ትለማመድ ነበር። ቆሜ ነገርኳት። አንድም ቃል አላስተረፍኩም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ የሚገርመው ግን አልደነገጠችም። ያን ጊዜ አልታየኝም፤ አሁን ነው የሚታየኝ።

«ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ከመጽሔቱ አስመለሰ፣ መከላከያው ተሰረዘ፣ የሊና እናት ትኬቷን መለሰች። እኔን አላባረሩኝም፤ ጋሽ ቶማስ ምን ብለው እንደተከራከሩልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊና ድጋፏ አልቆ ሻይ ቤት እየሠራች፣ ማሽኑን ሌላ ሰው ባልያዘበት ጊዜ ሁሉ እየመጣች፣ ልኬቱን ከመጀመሪያው ደገመችው። ንጹሑ ክሪስታል እንደ ማንኛውም ክሪስታል አነጠረ። ምንም ተአምር የለም። በዓመቱ ተመረቀች። ያን ዓመት በሙሉ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ደኅና አደርሽ» ስላት ወለሉን እያየች ታልፋለች። እኔም የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ። እንዝርቴን ሻንጣ ሥር ከተትኩት፣ ከዚያ ወዲህም አላወጣሁትም።

እያደር ተነጋገርን፣ ስለ ሥራ ብቻ። ጋሽ ቶማስ ጡረታ ወጡ፣ ቆይተውም አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ እንደ አገሬ ሰው አለቀስኩ። ሊና ከፍ ከፍ እያለች ሄዳ በመጨረሻ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሆነች። አለቃዬ ሆነች ማለት ነው። ክፉ አለቃ አልነበረችም። ከተማሪዎቿ አንዱ ልኬት ሲያመጣ ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «የጣልከውን ልኬት አሳየኝ።» እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የተወረወረ ይመስለኝ ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ቀን ኬክ ተቆረሰ። መጨረሻ ላይ ሊና በአልሙኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ንጹሕ ዕቃ ወደ ጋን ከመግባቱ በፊት የምንጠቀልለው እንደዚያ ነው። በወረቀቱ ላይ ስጫነው የደብተሩን ጥግ አወቅሁት። ደሜ ፈላ። ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይታ ጥፋቴን ጠቅልላ በስንብቴ ቀን ስታስታቅፈኝ! «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀበልኩ፣ ፊቷን ሳላይ ወጣሁ። መሐል ሜዳ ስደርስ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ አልጣልኩትም፣ አልከፈትኩትምም።

እንግዲህ ተፈራ ከነጭቃው መጥቶ ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ያወጣሁት ይህን ደብተር ነው። የድንጋይ ወገራ ብሎ ሲቀልድ፣ በዚያ ሥራ ላይ የደረሰብኝን ክፉ ነገር ለአንድ ሰው መናገር አማረኝ። ክሩን ነገርኩት። ሊናን ነገርኩት። ደብተሩን ገልጬ የተንጋደደ ጽሑፌን አሳየሁት፣ ምን እንደሚል ተረጎምኩለት።

«ከጀርባውስ ያለው የማን ነው?» አለ። ቀለሙ በወረቀቱ በኩል አሳልፎ ይታይ ነበር።

«የሌላውን ገጽ መግለጥ አይፈቀድም» አልኩት፣ ከልማዴ።

«ኧረ እትዬ፣ አሁን ደብተሩ የአንቺ አይደለም እንዴ? ለአንቺ ነው የሰጠችሽ።»

ገለጥኩት። የሊና እጅ ጽሑፍ ነበር። ቀኑ ከእኔ ጽሑፍ ሁለት ቀን ብቻ የዘገየ፤ መከላከያዋ ሊሆን የነበረበት ቀን።

«በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ክሪስታሉ ሳይሞቅ የለካሁት በደንብ ይነጥር ነበር። ካሞቅሁት በኋላ ጠፋ። ቆሻሻ መሆኑን ጠረጠርኩ። ግኝቱ እውነት እንዲሆን ስለፈለግሁ የጠዋቱን ልኬት ከሥራዬ አወጣሁ። አስካለ ሳትነግረኝ በፊት ልቤ ያውቅ ነበር። ሊና።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለተፈራ ተረጎምኩለት። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ አልደብቅም። ያን ሁሉ ዓመት ወለል ወለሉን እያየች ስታልፍ እኔን የተጸየፈችኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ጋሽ ቶማስ ይህ ገጽ ሲጻፍ ሳያዩት አይቀሩም። ለሕጋቸው ሲሉ እኔን አቃጥለው ሞቱ ብዬም ተማረርኩ። ሁለት ቀን እንደተናደድኩ ቆየሁ።

ተፈራ አላባበለኝም። «አባታችን ቢኖሩ ሁለታችሁንም ነበር የሚይዟችሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «እሷ ግን የራሷንም ጥፋት በእጅሽ አስይዛ ነው የሸኘችሽ» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይህ ከሆነ፣ በጣም አድሯል። ለሊና ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ አንድም መስመር አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። ተፈራን ከበጎቹ ሁለት ከረጢት ጸጉር እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። የሻንጣውን ሥር ፈልጌ እንዝርቴን አወጣሁ። ጣቴ ረስቶት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልረሳም። ክረምቱን በሙሉ ፈተልኩ። ዘመሮ ያለ ሸማኔ ባና፣ ያን የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሠራልኝ፤ ጥቁርና ቡናማ፣ ወዙ ያልወጣ፣ ሲያቅፉት የበግ በረት የሚሸት።

ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው ሳገኝ ላክሁላት። ደብተሩንም አብሬ መለስኩት፤ ቦታው እዚያ መደርደሪያ ሥር ነውና። ከባናው ላይ የሰካሁት ወረቀት ይኼን ብቻ ይላል፦

«ሊና፣ ገጽሽን አነበብኩ። ይህ ለጉልበትሽ ነው፣ ብርዱን አውቀዋለሁ። ከቤትሽ እንዳታወጪው። ነፍስ የነበረው ነገር ነው፤ ወደ ጋኑ አይገባም።»